የኤፍ ኤም ሬዲዮ አቀባበል፦ የማሰራጫ ጣቢያ ቦታና ጉልበት የሚያሳድሩት ተጽዕኖ

የኤፍ ኤም ሬዲዮ ሥርጭት በአንድ ቀበሌ ጥርት ብሎ እየተሰማ ከኮረብታው ማዶ በሚገኘው ቀበሌ ጨርሶ የማይሰማበት ሁኔታ በኢትዮጵያ የተለመደ ነው። በዚህ ረገድ ከነዋሪዎች የሚቀርበው ጥያቄ በአብዛኛው «የጣቢያው ጉልበት ይጨመርልን» የሚል ነው። ቅሬታው ተገቢ ቢሆንም የሚጠየቀው መፍትሔ ግን ብዙ ጊዜ ከችግሩ ጋር አይገናኝም። የኤፍ ኤም ሥርጭት የት ድረስ እንደሚሰማ በቅድሚያ የሚወስነው ማሰራጫው የቆመበት ቦታና የአንቴናው ከፍታ ሲሆን ጉልበት የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ፣ የጤና መልእክት ወይም የትምህርት ፕሮግራም በሬዲዮ ብቻ ለሚደርሰው ማኅበረሰብ ይህን ልዩነት ማወቅ ጥቅም አለው፤ በተሳሳተ መፍትሔ ላይ የዋለ ገንዘብ ድምፁን ሳያመጣ ያልቃልና።

የኤፍ ኤም ሞገድ ባሕርይ

ለኤፍ ኤም ሬዲዮ የተመደበው የሞገድ ክልል ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ሲሆን የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ገደማ ነው። በመካከለኛ ሞገድ የሚተላለፍ ሥርጭት የምድርን ገጽ ተከትሎ ይጓዛል። አጭር ሞገድ ደግሞ ከምድር በላይ ከሚገኘው አዮኖስፌር ከተባለው የአየር ክፍል ተመልሶ በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን ያቋርጣል። የኤፍ ኤም ሞገድ ከሁለቱ አንዱንም አያደርግም። ወደ ላይ የተላከው ወደ ሕዋ ያመልጣል፤ በጎን የተላከው በቀጥታ መስመር ይጓዛል። ከሩቅ ሀገር የሚመጣ የአጭር ሞገድ ጣቢያ ያለችግር የሚሰሙ አድማጮች በ60 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ የኤፍ ኤም ጣቢያ አልያዝ ሲላቸው የሚገረሙት በዚህ ምክንያት ነው።

የኤፍ ኤም አንቴና በከፍታ ላይ ከተሰቀለ መብራት ጋር ቢመሳሰል ነገሩ ግልጽ ይሆናል። መብራቱ የሚያየው ቦታ ሁሉ ይበራለታል፤ ከተራራ ጀርባ ያለው ቦታ ጥላ ይወድቅበታል። ሞገዱ ከብርሃን ይልቅ በመጠኑ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ጥላው ድንበሩ የተቆረጠ ሳይሆን ቀስ በቀስ የሚከብድ ነው።

ከፍታ የሚያስገኘው ርቀት

በሜዳማ ቦታ አንድ አንቴና የሚደርስበትን የአድማስ ርቀት በግምት ለማወቅ የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ወስዶ ስኩዌር ሩቱን በ4.12 ማባዛት ይቻላል፤ ውጤቱ በኪሎ ሜትር ነው። እዚህ ላይ ከፍታ ማለት ከምሰሶው እግር ሳይሆን ሥርጭቱ ከሚደርስበት አካባቢ መሬት በላይ ያለው ከፍታ ነው። 30 ሜትር ርዝመት ባለው ምሰሶ በሜዳ ላይ የተተከለ አንቴና ወደ 23 ኪሎ ሜትር፣ በ100 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ወደ 41 ኪሎ ሜትር፣ በ300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ደግሞ ወደ 71 ኪሎ ሜትር አድማስ ይኖረዋል። ከ30 ወደ 300 ሜትር ሲወጣ ርቀቱ በሦስት እጥፍ ገደማ ሲያድግ የሚሸፈነው የመሬት ስፋት አሥር እጥፍ ይሆናል። ያው ምሰሶ ኮረብታ ላይ ቢተከል፣ አንድ ዋት ሳይጨመር ማለት ነው።

የመቀበያውም ከፍታ ይቆጠራል። በጣሪያ ላይ በ9 ሜትር ከፍታ የተሰቀለ አንቴና በተመሳሳዩ ስሌት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨምራል።

ጉልበት የሚሠራውና የማይሠራው

የማሰራጫ ጉልበት በዋት ወይም በኪሎ ዋት ይለካል። በማሽኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ከአንቴናው በእርግጥ የሚወጣው ጉልበት ግን አንድ አይደሉም። ከማሽኑ ወደ አንቴናው የሚወስደው ገመድ የተወሰነውን ያባክናል፤ አንቴናው በበኩሉ ወደ ሰማይና ወደ መሬት ይባክን የነበረውን ወደ አድማስ አቅጣጫ ይሰበስባል። ለምሳሌ 1 ኪሎ ዋት ጉልበት ካለው ማሽን 20 በመቶው በገመድ ቢጠፋና አንቴናው የቀረውን አራት እጥፍ ቢያጠናክር ወደ አድማስ የሚሄደው 3.2 ኪሎ ዋት ይሆናል። በመሆኑም ሁለት ጣቢያዎችን በማሽናቸው ቁጥር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል።

በአድማጩ ዘንድ የሚደርሰው የሞገድ ጥንካሬ ከጉልበቱ ጋር እኩል አያድግም። ጥንካሬውን በእጥፍ ለማሳደግ ጉልበቱን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ከ1 ኪሎ ዋት ወደ 10 ኪሎ ዋት ያደገ ጣቢያ የኤሌክትሪክ ፍጆታው በአሥር እጥፍ ገደማ ሲጨምር በአንድ ቦታ ላይ የሚደርሰው ጥንካሬ 3.2 እጥፍ ብቻ ይሆናል።

በተራራ ጥላ ውስጥ ለሚኖር አድማጭ ይህ ምን ማለት እንደሆነ በስሌት ማየት ይቻላል። ማሰራጫውና አድማጩ በተራራ ጫፍ ለጥቂት የሚተያዩ ከሆነ የሞገዱ ጥንካሬ በግማሽ ይቀንሳል፤ ይህን ለመካስ አራት እጥፍ ጉልበት ይበቃል። ተራራው ከማሰራጫው በ20 ኪሎ ሜትር፣ ከአድማጩ በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቢሆንና ከእይታ መስመሩ በላይ 190 ሜትር ገደማ ከፍ ቢል ግን ጥንካሬው ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ይህን በጉልበት ለመካስ መቶ እጥፍ ያስፈልጋል፤ 1 ኪሎ ዋት የነበረው ጣቢያ 100 ኪሎ ዋት መሆን አለበት ማለት ነው። ለአንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ይህ የሚታሰብ አይደለም። አድማጩ ለተራራው ይበልጥ ሲቀርብ ሁኔታው ይብሳል፤ ከተራራው ግርጌ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ለሚገኝ አድማጭ ያንኑ ያህል ጥላ ለመፍጠር 90 ሜትር ገደማ ከፍታ ይበቃል። በተራራ ሥር ያለው መንደር ሳይሰማ ከእርሱ ርቆ በሜዳው ላይ ያለው መንደር የሚሰማው ለዚህ ነው።

ጉልበት ትርጉም የሚኖረው እይታው ክፍት በሆነበት ቦታ ነው። በከተማ የሕንፃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የሚፈጥሩት ሁከት ሞገዱን ይፈታተኑታል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለስቴሪዮ ሥርጭት በሚመክረው መመዘኛ መሠረት በትልልቅ ከተሞች የሚያስፈልገው የሞገድ ጥንካሬ በገጠር ከሚያስፈልገው አሥር እጥፍ ነው። ትልቅ ከተማን የሚያገለግል ጣቢያ ጉልበቱ ከፍ እንዲል የሚደረገው ርቆ እንዲሰማ ብቻ ሳይሆን ቤት ውስጥ ዘልቆ እንዲገባም ነው።

የአዲስ አበባና የአካባቢዋ ምሳሌ

የአዲስ አበባ አቀማመጥ የቦታን ወሳኝነት በጉልህ ያሳያል። ከተማዋ በአብዛኛው ከ2,200 እስከ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋች ናት። በሰሜን የእንጦጦ ሰንሰለት ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በደቡብ ምዕራብ ለሬዲዮና ቴሌቪዥን ማሰራጫነት የሚያገለግለው የፉሪ ተራራ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። በፉሪ አናት ላይ ያለ አንቴና የከተማዋን አብዛኛውን ክፍል ከላይ ያያል።

ወደ ደቡብ ምሥራቅ መሬቱ እየወረደ ይሄዳል። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር፣ አዳማ ደግሞ ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ በ2,800 ሜትር ላይ የቆመ አንቴና ለእነዚህ ከተሞች ከ900 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ የአድማሱም ስሌት ከ120 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በመካከል ያሉ ኮረብቶች በየቦታው ጥላ ቢጥሉም በዚህ አቅጣጫ ያለ አድማጭ ቦታው ያግዘዋል። በሰሜን ያለው ሁኔታ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሱሉልታ ከአዳማ ይልቅ ለአዲስ አበባ እጅግ ትቀርባለች፤ ይሁንና ከደቡብ የሚመጣ ሞገድ እዚያ ለመድረስ እንጦጦን መሻገር አለበት። በኪሎ ሜትር መቅረብ ብቻውን ለጥሩ አቀባበል ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚጓዙ መንገደኞች ይህንኑ በሌላ መልኩ ያውቁታል። መንገዱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወርድ የመኪናው ሬዲዮ መቆራረጥ ይጀምራል፤ ወደ ማዶው አፋፍ ሲወጣ ድምፁ ይመለሳል። በሸለቆው ውስጥ ለሚኖሩ ሰዎች ግን ይህ የመንገድ ላይ ትዝብት ሳይሆን የዕለት ተዕለት ሁኔታ ነው።

ከፍ ያለ ቦታም የራሱ ችግር አለው። እጅግ ከፍ ካለ ተራራ ወደ አድማስ የሚላክ ሞገድ በግርጌው በሚገኙ ነዋሪዎች ራስ ላይ አልፎ ሊሄድ ይችላል፤ ባለሙያዎች አንቴናውን በጥቂቱ ወደ ታች በማዘንበል ይህን ያርማሉ። መንገድና ኤሌክትሪክ ወደ ተራራ አናት መውሰድ፣ መብረቅ መከላከልና ጥበቃ ማቆም ወጪ ይጠይቃሉ። ቢሆንም ይህ ወጪ በአብዛኛው ከጉልበት ጭማሪ ይልቅ ብዙ አድማጭ ያስገኛል።

ጉልበት የማይጨመርባቸው ምክንያቶች

የኤፍ ኤም ክልል ጠባብ ነው። አንድ ጣቢያ ከተፈቀደለት በላይ ቢያሰራጭ በሌላ ከተማ በተመሳሳይ ወይም በተቀራራቢ ቁጥር የሚሠራውን ጣቢያ ያውካል። ኢትዮጵያ በምትገኝበት የዓለም ክፍል የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ቦታ፣ የአንቴና ከፍታና ጉልበት የሚታቀዱት በ1984 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ በተደረሰው ዓለም አቀፍ ስምምነት ማዕቀፍ ነው። ከ108 ሜጋ ኸርዝ በላይ የሚጀምረው ክልል ደግሞ አውሮፕላኖች አቅጣጫቸውን ለማወቅና ለማረፍ የሚጠቀሙበት ነው። በደንብ ያልተስተካከለ ወይም ፈቃድ የሌለው ማሰራጫ በዚህ ክልል ላይ ሁከት ሊፈጥር ስለሚችል ጉዳዩ ከአድማጭ ምቾት አልፎ የበረራ ደኅንነትን ይነካል።

በጥላ ውስጥ ላለ አካባቢ የተሻለው መፍትሔ አነስተኛ ደጋሚ ጣቢያ ነው። ይህ ጣቢያ ዋናውን ሥርጭት በሚያይ ኮረብታ ላይ ቆሞ ድምፁን ይቀበልና በሌላ ቁጥር ወደ ሸለቆው መልሶ ያሰራጫል። ሁለቱንም ወገን የሚያይ ቦታ ከተገኘ ጥቂት አሥር ዋቶች አንድን ከተማ ሊበቁ ይችላሉ። አድማጩ ማድረግ ያለበት ሬዲዮኑን በአዲሱ ቁጥር ላይ ማድረግ ነው፤ ይህ በወቅቱ ሳይነገር ቀርቶ ደጋሚው እየሠራ ሰው በአሮጌው ቁጥር ሲፈልግ መቆየቱ ያጋጥማል።

በአድማጩ በኩል ሊደረግ የሚችለው

የተሰበሰበ አንቴና ይዞ ጣቢያን መውቀስ የተለመደ ነው። ለኤፍ ኤም ተስማሚ የሆነው የአንቴና ዘንግ ርዝመት 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት። ሬዲዮኑን ወደ መስኮት ማስጠጋት፣ አንቴናውን ቀጥ አድርጎ ከዚያም አጋድሞ መሞከር ልዩነት ያመጣል። ከሕንፃና ከተራራ ተንጸባርቆ የሚመጣ ሞገድ ከቀጥታው ጋር ሲጋጭ ድምፁ ይንሻፈፋል፤ በዚህ ጊዜ መቀበያውን ከአንድ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ማንቀሳቀስ ብቻ ሊያስተካክለው ይችላል። መብራት ላይ የቆመ መኪና ድምፁ ጠፍቶ ጥቂት ወደፊት ሲል የሚመለስለትም ስለዚሁ ነው።

በተንቀሳቃሽ ስልክ ሬዲዮ የሚያዳምጡ ሰዎች የማዳመጫው ገመድ አንቴና ሆኖ እንደሚያገለግል ማወቅ ይኖርባቸዋል፤ ገመዱ ተጠቅልሎ ከተያዘ አቀባበሉ ይዳከማል። ስቴሪዮ ሥርጭት ከሞኖ የበለጠ ጠንካራ ሞገድ ይፈልጋል። በመቀበያው ላይ ሞኖ የሚል ማብሪያ ካለ እርሱን መጫን ደካማ ጣቢያን ከጩኸት ያጠራዋል። ጥራት የሌላቸው የስልክ ቻርጀሮችና የኤልኢዲ አምፖሎች ጩኸት ስለሚፈጥሩ አንድ በአንድ ነቅሎ መሞከር ይመከራል።

ቅሬታ ሲቀርብ መካተት ያለባቸው መረጃዎች

በኢትዮጵያ የብሮድካስት ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ሲሆን የሬዲዮ ሞገድ ሀብትን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሥርጭት ችግር ያጋጠመው አድማጭ አስቀድሞ ለጣቢያው ማሳወቁ ጊዜ ይቆጥባል፤ የማሽን ብልሽት ወይም የኤሌክትሪክ መቋረጥ ከሆነ ጣቢያው ራሱ ያውቀዋል።

በጽሑፍ በሚቀርብ ቅሬታ ላይ የወረዳው፣ የቀበሌውና የጎጡ ስም፣ የጣቢያው ቁጥር፣ ችግሩ የጀመረበት ቀንና የሚከሰትበት ሰዓት፣ እንዲሁም ማዳመጫው የመኪና፣ የቤት ወይም የስልክ ሬዲዮ መሆኑ ሊገለጽ ይገባል። ከሁሉም የሚጠቅመው ግን ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ነው። የመጀመሪያው ከዚያው ተራራ የሚሰራጩ ሌሎች ጣቢያዎች ይሰማሉ ወይ የሚለው ነው፤ ሌሎቹ እየተሰሙ አንዱ ብቻ ከጠፋ ችግሩ በጣቢያው ወይም በሞገድ መጠላለፍ ላይ ሲሆን፣ ሁሉም ከጠፉ ግን ጥላው ከመሬቱ አቀማመጥ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ሁለተኛው በአቅራቢያው ባለ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሲሞከር ድምፁ ይመጣል ወይ የሚለው ነው። መልሱ «አዎ» ከሆነ ያ ከፍ ያለ ቦታ የት እንደሆነ በቅሬታው ውስጥ ቢጠቀስ ደጋሚ ጣቢያ የሚተከልበትን ቦታ ለሚያጠኑ ባለሙያዎች ጥሩ መነሻ ይሆናል።