ድራማው ሲያበቃ ታማሚው የት ደረሰ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ብሂል ከልጅነትዎ ጀምሮ ሲሰሙት ኖረዋል። ይሁንና በአገር ቤትም ሆነ እዚህ በፌርፋክስ ጎዳና፣ ከባድ ሕመም ሲመጣ ብዙዎቻችን እንደብቃለን። በቴሌቪዥን መስኮት ያየነውም ሳያስፈራን አልቀረም፤ ታማሚው ያስላል፣ ይከሳል፣ በመጨረሻው ክፍል ይሞታል። የኤድስን ታሪክ ለምሳሌ እንመልከት።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1985 ኤን.ቢ.ሲ. «አን ኧርሊ ፍሮስት» የተሰኘ የቴሌቪዥን ፊልም አሳየ። ኤድስ የያዘው ወጣት ጠበቃ ወደ ወላጆቹ ቤት ሲመለስ ነፍሰ ጡር እኅቱ ትሸሸዋለች፤ የአምቡላንስ ሠራተኞችም አንጭነውም ይላሉ። አያቱ ግን አይሸሹትም። ፊልሙ የዘመኑን ፍርሃት በሐቅ አሳይቷል፤ መድኃኒት ግን ገና አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው «ኢ.አር.» ከፌርፋክስ ብዙም በማይርቀው በበርባንክ ከተማ ይቀረጽ ነበር። በ1996 በድራማው ውስጥ የሐኪም ረዳት የሆነችው ጂኒ ቡሌ ቫይረሱ በደሟ መኖሩን አወቀች። በዚያው ዓመት አካባቢ መድኃኒቶችን አቀናጅቶ የመስጠቱ ሕክምና የሞትን ቁጥር መቀነስ ጀምሯል። ደራሲዎቹም ጂኒን አልገደሏትም፤ ሥራዋን ቀጠለች፣ አገባች፣ ቫይረሱ ያለበትን ሕፃን በማደጎ ወሰደች፣ በ1999 ከድራማው በሕይወት ወጣች።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ቴሌቪዥን የነበረው ቤት ጥቂት ስለነበር ትልቁን ሥራ የሠራው ሬዲዮ ነው፤ ከ2002 እስከ 2004 «የቀን ቅኝት» የተባለው ድራማ በ257 ክፍሎች ስለ ኤች.አይ.ቪ. በግልጽ ተናገረ። መድኃኒቱ በነጻ መታደል የጀመረው ግን ድራማው ካበቃ በኋላ፣ በ2005 ነበር።

ዛሬ መድኃኒቱን በወቅቱ ጀምሮ በአግባቡ የሚወስድ ሰው ረጅም ዕድሜ ይኖራል። በብዙዎቻችን ልብ ውስጥ ያለው ድራማ ግን አሁንም አሮጌው ነው። ስለ ስኳር፣ ስለ ካንሰር ወይም ስለ ኩላሊት ሕመም ስናወራም ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን።

እንግዲህ ከቤተሰብዎ ጋር ተቀምጠው ታማሚ የሚሞትበትን ድራማ ሲያዩ፣ ለልጆችዎ «ይህ አንዱ መጨረሻ ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም» ይበሏቸው። እርስዎም የደበቁት ሕመም ካለ፣ ዛሬውኑ ለሚያምኑት ለአንድ ሰው ይንገሩ፤ ነገ ደግሞ ለሐኪም።