ቤልፋስትን ያልተወው ጊታር

ጃንዋሪ 1 ቀን 1972 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሰሜን አየርላንዷ ቤልፋስት አዲሱን ዓመት የተቀበለችው በፍንዳታና በወታደር ኬላ መካከል ነው። ወር እንኳ አልሞላም፤ ዲሴምበር 4 ቀን ማክገርክ በተባለ መጠጥ ቤት የተጠመደ ቦምብ 15 ሰዎችን ፈጅቷል። ከኦገስት ጀምሮ ሰዎች ያለ ፍርድ ይታሰራሉ። ሲመሽ መሐል ከተማው ጭር ይላል፤ ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም ሰፈሩን ለቆ መውጣት ያስፈራዋል።

በዚያ ምሽት ግን ቤድፎርድ ጎዳና ላይ ያለው አልስተር ሆል በወጣቶች ተሞላ። አዳራሹ በ1862 የተከፈተ ነው። ሌድ ዘፔሊን ከአሥር ወር በፊት፣ ማርች 1971፣ «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን»ን ለመጀመሪያ ጊዜ በመድረክ የተጫወተው እዚሁ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁከቱ እየባሰ ሲሄድ ስመ ጥር ባንዶች ቤልፋስትን ከጉዟቸው እየሰረዙ መጡ። በአዲስ ዓመቱ ምሽት መድረኩ ላይ የወጣው ጠጉሩን ያስረዘመ፣ ባለ ካሬ ሸሚዝ የለበሰ፣ ቀለሙ የተላላጠ ጊታር ያነገበ የ23 ዓመት ወጣት ነው። ሮሪ ጋላገር ይባላል። ከሁለቱም ወገን የመጡ ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ብሉዝ ሰሙ።

ሮሪ ካረፈ 30 ዓመት አልፎታል። አድናቂዎቹ ግን ዛሬም ስለ ጣቱ ፍጥነት ከማውራታቸው በፊት ስለዚያ አዳራሽ ያወራሉ። ሌላው ሲቀር እሱ መጥቶ ነበር።

*

ማርች 2 ቀን 1948 ባሊሻነን ተወለደ። በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ፣ በዶኒጎል አውራጃ፣ የኤርን ወንዝ ከአትላንቲክ የሚገናኝባት ትንሽ ከተማ ናት። አባቱ ዳንኤል እንጀራ ያገኙት በዚሁ ወንዝ ላይ በሚገነባው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሲሆን፣ አኮርዲዮንም ይጫወቱ ነበር። እናቱ ሞኒካ ድምፃዊትና የመድረክ ተዋናይ ነበሩ። ቤተሰቡ ወደ ደሪ፣ ኋላም በደቡብ ወደምትገኘው ኮርክ ተዛወረ። ሮሪ በ9 ዓመቱ የመጀመሪያ ጊታሩን አገኘ። ኮርክ ውስጥ ጥቁር አሜሪካውያን የተጫወቱትን ብሉዝ የያዘ ሸክላ እንደ ልብ አይገኝም፤ ልጁ ሙዲ ዋተርስን የሰማው ማታ ማታ በአውሮፓ ለሰፈረው የአሜሪካ ጦር ከሚተላለፈው ሬዲዮ ነው። መምህር አልነበረውም። የሰማውን በጆሮው ይዞ፣ ጣቱን ክር ላይ እያዘዋወረ ፈልጎ ያገኘዋል።

በ1963 ክረምት፣ በ15 ዓመቱ፣ የኮርኩ ክራውሊ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር መስኮት ላይ አንድ ጊታር ዓይኑን ያዘው። በ1961 የተሠራ ፌንደር ስትራቶካስተር ነው፤ አየርላንድ የገባው የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ያዘዘው የአንድ ባንድ ጊታር ተጫዋች ቀይ ፈልጎ ሳለ፣ መሐሉ ቢጫ ዳሩ ጥቁር የሆነ ተልኮለት ነበር። ቀዩ ሲመጣለት ይኼኛው ወደ መደብሩ ተመልሶ እንደ አሮጌ ዕቃ በ100 ፓውንድ ለሽያጭ ቀረበ። ለሠራተኛ ቤተሰብ ልጅ 100 ፓውንድ የማይቀመስ ገንዘብ ነው። ሮሪ በዱቤ ወሰደው። ለደነገጡት እናቱ የሰጠው ምክንያት በቤተሰቡ ሲወራ የኖረ ነው፤ በዚህ ጊታር አጃቢውንም መሪውንም ዜማ ብቻውን ስለሚጫወት ሌላ ጊታሪስት መቅጠር አያስፈልግም፤ ዕዳውም በቶሎ ይከፈላል አላቸው።

ዕዳውን የከፈለው በሾውባንድ ተቀጥሮ ነው። እነዚህ በወጥ ልብስ ከከተማ ከተማ እየዞሩ የወቅቱን ተወዳጅ ዘፈን ለዳንስ የሚጫወቱ ባንዶች ነበሩ። ሮሪ ልቡ ብሉዝ ላይ ቢሆንም በየምሽቱ መድረክ ላይ መቆምን የለመደው ከነሱ ጋር ነው። ጊታሩ አንድ ጊዜ ደብሊን ውስጥ ተሰርቆ፣ ቦይ ውስጥ ተጥሎ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለየውም። መድረክ ላይ ላቡ እንደ ውሃ ይወርድ ነበርና የላቡ ጨው ቀለሙን ልጦ እንጨቱን አወጣው። አስቀባውም አልቀየረውም።

*

በ1966 ቴስት የተባለውን ባንድ ኮርክ ውስጥ አቋቋመ። ባንዱ ጎልምሶ ለለንደን የበቃው ግን ቤልፋስት ላይ፣ ማሪታይም በተባለው ሆቴል ክበብ እየተጫወተ ነው። ሮሪ ለዚያች ከተማ የነበረው ፍቅር ከዚህ ይጀምራል። ኖቬምበር 1968 ታዋቂው ክሪም ባንድ በሮያል አልበርት ሆል ሲሰናበት ቴስት መድረኩን ከከፈቱት አንዱ ሆነ።

የሮሪ ተጽዕኖ ያረፈባቸው አድናቂዎች በሙሉ ከመድረክ በታች አልቀሩም። ለንደን ውስጥ ማርኪ ክለብ ሲጫወት በትጋት ከሚከታተሉት ተማሪዎች አንዱ ኋላ የክዊን ባንድ ጊታሪስት የሆነው ብራያን ሜይ ነው። አንድ ምሽት ሕዝቡ ሲበተን ቀርቶ፣ ያንን ድምፅ ከየት እንደሚያወጣው ጠየቀው። ሮሪ ምስጢር አላደረገበትም። ቮክስ ኤሲ 30 የተባለውን አምፕሊፋየርና ቀጭኑን ድምፅ የምታጎላ ሬንጅማስተር የተባለች ትንሽ ሳጥን አሳየው። ሜይ ሄዶ ያንኑ ገዛ፤ ዓለም የክዊን ጊታር ብሎ የሚያውቀው ድምፅ ከዚህ ተነሣ። የስሚዝስ ጊታሪስት ጆኒ ማርም በልጅነቱ ማንቸስተር ውስጥ ጊታር የተማረው የሮሪን «ዲውስ» አልበም እየሰማ አብሮ በመጫወት እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል።

አድናቂዎቹ ጂሚ ሄንድሪክስ «የዓለም ምርጥ ጊታሪስት መሆን ምን ይመስላል?» ተብሎ ሲጠየቅ ጠያቂውን ወደ ሮሪ መራው የሚል ታሪክ ይወዳሉ። ታሪኩ በስፋት ይነገራል እንጂ ማስረጃ የለውም። ሮሪም አያስፈልገው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የብሪታኒያው የሙዚቃ ጋዜጣ ሜሎዲ ሜከር አንባቢዎች ኤሪክ ክላፕተንን ትተው ምርጥ ጊታሪስት ብለው መርጠውታል። በ1971 መጨረሻ ደግሞ በልጅነቱ በሬዲዮ የሰማው ሙዲ ዋተርስ ለንደን መጥቶ አልበም ሲቀዳ ከጎኑ ተቀምጦ ተጫወተ። አልበሙ የግራሚ ሽልማት አግኝቷል።

በጃንዋሪ 1975 ሮሊንግ ስቶንስ ጊታሪስት ለቆባቸው ሮሪን ሮተርዳም ጠሩት። ጥቂት ምሽቶች አብሯቸው ከተጫወተ በኋላ ጊታሩን ይዞ ወደ ጃፓን በረረ፤ እዚያ ትኬት ገዝቶ የሚጠብቀው ሕዝብ ነበር።

*

ቴስት በ1970 ማብቂያ ሲፈርስ ሮሪ በራሱ ስም ባንድ አቆመ። ባስ ጊታሩን ለ20 ዓመት ያህል የተጫወተለት ጌሪ ማካቮይ የቤልፋስት ልጅ ነው። 1972 የሰሜን አየርላንድ ግጭት እጅግ ብዙ ደም የፈሰሰበት ዓመት ሆነ፤ ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎች በአንድ ዓመት ሞቱ። ሮሪ ግን ወደ አልስተር ሆል መመለሱን አላቋረጠም። ጃንዋሪ 1974 በቤልፋስት፣ በደብሊንና በኮርክ ያደረጋቸው ኮንሰርቶች ሲቀዱ «አይሪሽ ቱር 74» የተባለው አልበም ተገኘ፤ ዳይሬክተር ቶኒ ፓልመርም በካሜራ ተከትሎት ፊልም ሠራ። ያኔ ያልተወለዱ አድናቂዎች የዚያን ዘመን ሮሪ የሚያውቁት በዚህ ፊልም ነው።

አደጋው ለሙዚቀኛ የሚራራ አልነበረም። ጁላይ 31 ቀን 1975 ማያሚ ሾውባንድ ሰሜን ውስጥ ተጫውቶ ወደ ደብሊን ሲመለስ፣ የወታደር ልብስ የለበሱ ታጣቂዎች በሐሰተኛ ኬላ አስቁመው ሦስት የባንዱን አባላት ገደሉ። ሮሪ ያደገበት የሾውባንድ ሕይወት፣ በሌሊት በሚኒባስ ከከተማ ከተማ መጓዝ፣ ሞት የሚያስከትል ሆነ። ከዚህ ወዲያ ብዙዎች ድንበሩን አልሻገርም ቢሉ ማንም አይፈርድባቸውም። ሮሪ ተሻገረ። ደቡብ ያደገ ካቶሊክ ሆኖ ለአንዱ ወገን ሳይወግን፣ ስለ ፖለቲካ ንግግር ሳያደርግ፣ ለሁለቱም ተጫወተ። የቤልፋስት ሰው ይህንን ውለታ ቆጥሮ ይዟል።

ዝና የሚያቀርቡ አቋራጮችን ይሸሽ ነበር። በሬዲዮ እንዲዞሩ የሚወጡ ነጠላ ዘፈኖችን አይወድም፤ መድረክ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚለብሰውም መንገድ ላይ የሚታየውን ልብስ ነው። ስለዚህ ስሙን ያሰራጨው ማስታወቂያ ሳይሆን በዓይኑ ያየው ሕዝብ ነው። ጁላይ 1977 ከጀርመኗ ኤሰን ሮክፓላስት በተባለው ዝግጅት ሌሊቱን ሲጫወት ኮንሰርቱ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። እስከ ዛሬ ከጀርመን ተነሥተው ወደ ባሊሻነን ከሚጓዙት አድናቂዎች አንዳንዶቹ የተማረኩት በዚያ ሌሊት ነው።

የኋላ ዓመታቱ ከባድ ነበሩ። አውሮፕላን መሳፈር ያስፈራው ጀመርና መድኃኒት ታዘዘለት፤ መድኃኒቱ ከመጠጥ ጋር ተደርቦ ጉበቱን ጎዳው። ጃንዋሪ 1995 ሮተርዳም ውስጥ የመጨረሻውን ኮንሰርት አደረገ። ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ጉበት ተተክቶለት በማገገም ላይ ሳለ ኢንፌክሽን ያዘውና ጁን 14 ቀን አረፈ። 47 ዓመቱ ነበር። ኮርክ ውስጥ ቀብሩ ሲፈጸም በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ መንገድ ዳር ቆሞ ሸኘው።

*

ከሞቱ በኋላ የሆነው ግን የተለመደ አይደለም። ኮርክ አደባባይና የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት በስሙ ሰየመች። በፈረንሳይ፣ ከፓሪስ አጠገብ ባለችው ሪስ ኦራንዢ፣ ስሙን የያዘ ጎዳና አለ። ደብሊን ቴምፕል ባር ውስጥ ግድግዳ ላይ የነሐስ ጊታር ተሰቀለ። የአየርላንድ ፖስታ በ2002 ቴምብር አወጣለት፤ ማዕከላዊ ባንኩም በ2018 የብር መታሰቢያ ሳንቲም። ፌንደር ደግሞ በ1997 የጊታሩን ቅጂ ለገበያ ሲያቀርብ ቀለሙን ሮሪ በላቡ በላጠው ልክ አስመስሎ ላጠው፤ ዋናው ጊታር ላይ አንዱ የክር መወጠሪያ ከሌሎቹ የተለየ ስለነበር እሱም ሳይቀር ተገለበጠ።

ከሁሉ የሚደምቀው የባሊሻነኑ ነው። ከ2002 ጀምሮ በየዓመቱ በጁን መጀመሪያ ገደማ ለሮሪ መታሰቢያ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ይካሄዳል። ነዋሪዋ ከ3 ሺህ የማይበልጠው ከተማ በእነዚያ ቀናት ከየአገሩ በሚጎርፍ ሰው ትጥለቀለቃለች። ባለ ካሬ ሸሚዝ የማይታይበት ጥግ የለም። ከኔዘርላንድ፣ ከጀርመን፣ ከጃፓን ሳይቀር የመጡ ባንዶች የሮሪን ዜማዎች በየመጠጥ ቤቱና በየአደባባዩ ይጫወታሉ። መሐል ከተማው ላይ በ2010 የቆመለት የነሐስ ሐውልት ዙሪያ ፎቶ የሚነሣው ሰው ብዙ ነው፤ ከነዚህ ውስጥ ሮሪ ሲሞት ያልተወለዱም ይገኙበታል።

በ2024 የሮሪ ወንድምና የረጅም ጊዜ ማናጀር ዶናል ጋላገር የጊታሩንና የሌሎች መሣሪያዎችን ስብስብ ለጨረታ እንደሚያቀርብ ሲሰማ አድናቂው ተረበሸ። ጊታሩ ባሕር ተሻግሮ የአንድ ሀብታም ቤት ጌጥ ሆኖ ይቀራል የሚል ስጋት ነበር። መጀመሪያ ከተነሡት አንዷ ጊታሩን ለ15 ዓመቱ ልጅ በዱቤ የሰጡት የክራውሊ መደብር ባለቤት ልጅ ናት፤ መሣሪያው ለአየርላንድ ሕዝብ እንዲገዛ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረች። በወቅቱ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት የኮርክ ተወላጁ ሚሃል ማርቲንም ደገፏት።

ኦክቶበር 17 ቀን 2024 ለንደን በሚገኘው ቦናምስ የጨረታ መዶሻው በ700 ሺህ ፓውንድ ወደቀ። ከኮሚሽኑ ጋር 889,400 ፓውንድ ሆነ። ገዢው የአየርላንድ ኮንሰርት አዘጋጅ ድርጅት የሆነው ላይቭ ኔሽን ጌይቲ ፕሮዳክሽንስ ነው። ድርጅቱም ጊታሩ ለአየርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም በስጦታ እንደሚሰጥ አስታወቀ። በ100 ፓውንድ ዱቤ የተወሰደው ዕቃ የአገር ቅርስ ሆኖ ወደ አየርላንድ ተመለሰ።

ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 2025፣ ቤድፎርድ ጎዳና ላይ እንደገና ሰው ተሰበሰበ። የአዲስ ዓመቱ ኮንሰርት ከተደረገ 53 ዓመት ከሦስት ቀን ሆኖታል። በ1972ቱ ምሽት በ20ዎቹ ውስጥ የነበሩት አሁን 70ውን አልፈዋል። አልስተር ሆል ፊት ለፊት የተገለጠው የነሐስ ሐውልት የተቀረጸው ሜሎዲ ሜከር በዚያው በጃንዋሪ 1972 ሽፋኑ ላይ ያወጣውን ፎቶ ተከትሎ ነው። ሮሪ ጊታሩን አንግቦ፣ ያኔ ይገባበት በነበረው አዳራሽ ደጃፍ ቆሟል።