«ሂሳቡ ተከፍሏል»፤ ግን ለማን?

ስለ ኤሪክ ቢ እና ራኪም «ፔይድ ኢን ፉል» አልበም ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመተ ምህረቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

ራፕ የምትሰሙ ልጆች «ከሁሉም የሚበልጠው ማነው?» እያላችሁ ስትከራከሩ አያለሁ። ናስ ነው፣ ጄይ ዚ ነው፣ ኤሚነም ነው... ክርክሩ አያልቅም። እነዚህ ሰዎች ራሳቸው ከማን እንደተማሩ ሲጠየቁ ግን ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ስም አለ፤ ራኪም። ናስማ በ2004 ባወጣው አልበም ላይ ስለ ራኪም የሕይወት ታሪክ አንድ ሙሉ ዘፈን ሠርቶለታል።

ራኪም ከዲጄው ከኤሪክ ቢ ጋር የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በ1987 ነው። የአልበሙ ስም «ፔይድ ኢን ፉል» ይባላል። ደረሰኝ ላይ የሚጻፍ ቃል ነው፤ «ሂሳቡ ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል» እንደማለት። ታሪክ የሚወድ ሰው እንዲህ አይነት ደረሰኝ ሲያይ መጠየቅ ያለበት ቀላል ጥያቄ አለ። ማን ከፈለ? ለማን? ያልተከፈለውስ ማነው?

መጀመሪያ ሰዎቹን እንወቅ።

ራኪም የእናት አባቱ ስም ዊልያም ግሪፈን ነው። ከኒውዮርክ ከተማ ወጣ ብሎ ሎንግ አይላንድ ላይ ዋይንዳንች በምትባል ቦታ በ1968 ተወለደ። ቤቱ ሙዚቃ የሞላበት ቤት ነበር። በሃምሳዎቹ ዓመታት ስሟ የገነነው ዘፋኝ ሩት ብራውን አክስቱ ናት። እሱ ራሱ በልጅነቱ ሳክስፎን ተምሯል፤ የጆን ኮልትሬንን ጃዝ እየሰማ ነው ያደገው። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን። በአፍላ ዕድሜው ደሞ «አምስት በመቶዎቹ» የሚባለውን፣ በስድሳዎቹ ሃርለም ውስጥ ከኔሽን ኦፍ ኢስላም ተገንጥሎ የወጣውን እንቅስቃሴ ተቀላቀለና ስሙን ራኪም አላህ አለው። ለቁጥር፣ ለፊደልና ለቃል ትርጉም ትልቅ ቦታ የሚሰጡ ሰዎች ናቸው። ግጥሙ ላይ ይሄ በደንብ ይታያል።

ኤሪክ ቢ፣ ማለትም ኤሪክ ባሪየር፣ የኩዊንስ ልጅ ነው። ደብልዩ ቢ ኤል ኤስ ለሚባለው የኒውዮርክ ሬዲዮ ጣቢያ ይሠራ ነበር። የሚያጫውተው ሸክላ አለው፣ የሚያውቃቸው ሰዎች አሉት። የጎደለው የሚናገርለት ሰው ብቻ ነው። ፈልጎ ፈልጎ ራኪምን አገኘ።

የመጀመሪያ ሥራቸውን የቀዱት ትልቅ ስቱዲዮ ውስጥ አይደለም። ኩዊንስብሪጅ የሚባል የመንግሥት የጋራ መኖሪያ ሰፈር አለ። እዚያ ማርሊ ማርል የሚባል በዘመኑ ስመ ጥር የሆነ ፕሮዲዩሰር በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ መሣሪያ ዘርግቶ ይቀዳ ነበር። እዚያ የተሠራችው ነጠላ ዜማ «ኤሪክ ቢ ኢዝ ፕሬዚደንት» በ1986 ዛኪያ በምትባል አነስተኛ የሃርለም ኩባንያ በኩል ወጣች። ከጀርባዋ ያለችው ደሞ «ማይ ሜሎዲ» ናት።

ቀረጻው ላይ ማርሊ ማርልና ራፐሩ ኤም ሲ ሻን ግራ ተጋቡ። ልጁ አይጮህም! በዚያ ዘመን ራፕ ማለት ጩኸት ነበር። ራን ዲ ኤም ሲን አስታውሱ፣ ኤል ኤል ኩል ጄይን አስታውሱ፤ ማይክ ላይ ወጥቶ ሕዝቡን ቀስቅሶ፣ ደረት ነፍቶ መጮህ። ሙያው የተወለደው ጭፈራ ቤትና አደባባይ ላይ ስለሆነ አይገርምም። ይሄ የ18 ዓመት ልጅ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ረጋ ብሎ፣ አጠገቡ ላለ ሰው እንደሚያወራ ሰው ይናገራል። «ትንሽ ኃይል ጨምርበት እንጂ» አሉት። እምቢ አለ። ጎበዝ፣ የራፕ ታሪክ መንገድ ከቀየረባቸው ቦታዎች አንዱ ይሄ «እምቢ» ነው።

ለምን? የማይጮህ ሰው በጩኸቱ ሊያሳምንህ አይችልም። በቃሉ ብቻ ነው ማሳመን ያለበት። ስለዚህ ቃሉ ከበፊቱ የበለጠ መሥራት ነበረበት።

እዚህ ጋ ትንሽ የሰሌዳ ሥራ እንሥራ። ከራኪም በፊት የነበረው የተለመደ አካሄድ ስንኙ መጨረሻ ላይ ቤት መምታት ነበር። በአማርኛ፣ ለምሳሌ ያህል ብቻ ራሴ የገጣጠምኩትን ተመልከቱ፦

ዛሬ ጠዋት ከቤት ወጣሁ፣
ታክሲ ጠፍቶ በእግር መጣሁ።

ጥሩ ነው፣ ቤት ይመታል፣ ልጅም ይገባዋል። ራኪም ያመጣው ደሞ እንዲህ አይነት ነገር ነው፦

ዛሬ ጠዋት ከቤት ወጥቼ፣ ታክሲ አጥቼ፣ በእግር መጥቼ ስደርስ፣
ደወል ተመቶ፣ በር ተዘግቶ፣ ዘበኛ ተቆጥቶ ሲመልስ።

ልዩነቱን አያችሁ? መጨረሻው ቤት ይመታል፤ ሆዱ ውስጥም ሌላ ቤት ይመታል። ሐሳቡም ስንኙ ስላለቀ አያልቅም፤ ወደሚቀጥለው ይፈሳል። ሰሚው «አሁን ይቆማል» ሲል አይቆምም። ይሄን ከየት አመጣው ካላችሁ፣ ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ሳክስፎን ነው። ራኪም በቃለ መጠይቆቹ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ኮልትሬን ሳክስፎኑን ሲነፋ ዜማውን የሚሰብርበትንና የሚያስረዝምበትን መንገድ ነው በቃላት ሊሠራ የሞከረው። ወረቀት ይዞ ነው የሚሠራው። ራፕ ከአፍ የሚወጣ የጨዋታ ሙያ ብቻ ሳይሆን ተጽፎ፣ ተሰርዞ፣ ተስተካክሎ የሚሠራ ሥነ ግጥም እንደሆነ ለብዙዎች ያሳየው እሱ ነው።

ነጠላ ዜማዋ ስትወደድ ፎርዝ ኤንድ ብሮድዌይ የተባለው ኩባንያ አስፈረማቸው። ይሄ ኩባንያ የአይላንድ ሪከርድስ ቅርንጫፍ ነው፤ የቦብ ማርሊን ሙዚቃ ለዓለም ያሰራጨው አይላንድ።

አልበሙ የተሠራው በጥድፊያ ነው። ራኪም ብዙዎቹን ግጥሞች እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ እየጻፈ፣ ከወረቀቱ እያነበበ ነው የቀዳው። ጥድፊያው ያስታውቃል። ከ10ሩ ሥራዎች 3ቱ ግጥም የሌላቸው ናቸው፤ ሁለቱ አዳዲስ አይደሉም፣ ባለፈው ዓመት በሸክላ የወጡት እነ «ፕሬዚደንት» ናቸው። የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን ራሱ አንድ ዙር ግጥም ብቻ ነው ያለው። ግን ያቺ አንድ ዙር! ኪሱ ባዶ የሆነ ወጣት ገንዘብ ከየት እንደሚያመጣ ያስባል። ድሮ የሚያውቀው መንገድ ዝርፊያ ነበር፤ እሱን ትቶ በላቡ፣ በብዕሩ ሊያገኝ ይፈልጋል። አለቀ፤ ሌላ ታሪክ የለውም። ያለ ሥራ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ግን ይገባዋል።

አልበሙ ሲወጣ ቢልቦርድ ላይ ከ58ኛ ደረጃ አላለፈም። ቀስ እያለ ግን አሜሪካ ውስጥ ብቻ አንድ ሚሊዮን ደረሰ፤ በ1995 ፕላቲነም ተባለ። በ2006 ኤም ቲ ቪ ከሂፕ ሆፕ አልበሞች ሁሉ ታላቁ ብሎ አንደኛ አደረገው።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ።

ቃሉ የራኪም ነው። ድምፁስ የማነው? «ፕሬዚደንት» ላይ ያለው የባስ ጊታር ፎንዳ ሬይ ከዘፈነችው የዳንስ ዘፈን የመጣ ነው። «አይ ኖው ዩ ጎት ሶል» በ1971 ቦቢ በርድ የዘፈነው ነው፤ ስሙ እንኳ አልተቀየረም። ቦቢ በርድ ማለት ጄምስ ብራውን ገና ወጣት ሳለ ከእስር እንዲወጣ ቤተሰቡ የረዳው የልብ ጓደኛው ነው። «ፔይድ ኢን ፉል» ባሱ የዴኒስ ኤድዋርድስ፣ ድራሙ ሶል ሰርቸርስ የተባለ የዋሽንግተን ባንድ በ1974 ካወጣው ሸክላ ነው። ይሄ ነው ሳምፕል የሚባለው፤ ከድሮ ሸክላ ቆርጦ አዲስ ልብስ መስፋት።

አልበሙ ሲወደድ ፕሮዲዩሰሮች ሁሉ የጄምስ ብራውንን ሸክላ ፍለጋ ተሯሯጡ። በዚህ ግርግር ብዙ ከተጎዱት አንዱ የጄምስ ብራውን ድራመር የነበረው ክላይድ ስታብልፊልድ ነው። «ፈንኪ ድራመር» ላይ የመታትን አጭር ምት፣ ኤሪክ ቢና ራኪም ራሳቸው በሁለተኛው አልበማቸው ላይ ጨምሮ፣ እጅግ ብዙ ሰው ወስዷታል። የዘፈኑ ባለቤት ተብሎ የተመዘገበው ጄምስ ብራውን ስለሆነ ስታብልፊልድ በ2017 እስኪሞት ድረስ ከዚህ ሁሉ ያገኘው ነገር ኢምንት ነው። እጁ ግን ዓለምን ሁሉ አስጨፍሯል።

ነገሩ ወደ ሌላ አህጉርም ተሻገረ። ኮልድካት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን «ፔይድ ኢን ፉል»ን ሪሚክስ ሲሠሩ የአንዲት ሴት ድምፅ አስገቡበት። የኦፍራ ሃዛ ድምፅ ነው። ከየመን ወደ እስራኤል ከገቡ አይሁድ ቤተሰብ በቴል አቪቭ ድሃ ሰፈር የተወለደች ናት። የምትዘፍነው ደሞ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የየመን ረቢ ሻሎም ሻባዚ የጻፈውን መንፈሳዊ ግጥም ነው። የሎንግ አይላንድ ልጅ ስለ ባዶ ኪሱ ሲያወራ ከኋላው የየመን ቅኔ ይሰማል። ለኦፍራ ሃዛ ነገሩ በር ከፈተላት፤ በ1988 የራሷ ዘፈን በአውሮፓ ገነነ፣ ጀርመን ውስጥ አንደኛ ሆነ። ስለዚህ ሳምፕል ሁልጊዜ ባለቤቱን ይቀብራል ማለት አይደለም። ስሙ ከተጠራ ያነሳዋል።

የመጨረሻው ደወል በ1991 ተደወለ። ቢዝ ማርኪ የተባለው ራፐር የጊልበርት ኦሱሊቫንን ዘፈን ያለ ፈቃድ ተጠቅሞ ተከሰሰ። የኒውዮርኩ ዳኛ ፍርዱን የጀመሩት በሕግ አንቀጽ አይደለም፤ ከአሥርቱ ትእዛዛት «አትስረቅ» በሚለው ነው። ከዚያ በኋላ «ቆርጦ መስፋት» ፈቃድና ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ሆነ።

ሁለቱ ጓደኛሞችስ ተከፈላቸው? የአልበሙን ሽፋን እዩት። የገንዘብ ምስል ከኋላቸው ነው፣ አንገታቸው ላይ ወፋፍራም ወርቅ፣ የለበሱት የጉቺ ምልክት የሞላበት ጃኬት። ጃኬቱን ግን ጉቺ አልሠራውም። ሃርለም 125ኛ ጎዳና ላይ ሱቅ የነበረው ዳፐር ዳን ነው የሰፋው። የሱቁም ዕጣ ከሙዚቃው ጋር ተመሳሰለ፤ የፋሽን ኩባንያዎች «ምልክታችንን ወሰድክ» ብለው እየከሰሱና እያስፈተሹ በ1992 አዘጉት። ከ25 ዓመት በኋላ ጉቺ ከእሱ የተቀዳ የሚመስል ጃኬት ሠርቶ ተያዘና፣ ወቀሳው ሲበረታ ከራሱ ከዳፐር ዳን ጋር አብሮ መሥራት ጀመረ። ማን ከማን እንደሰረቀ እናንተው ፍረዱ።

በዚያው በ1992 ኤሪክ ቢና ራኪም አራተኛ አልበማቸውን አውጥተው ተለያዩ። የውል ጉዳይ ነው። ለየብቻ ለመሥራት አንዱ ለሌላው መፈረም ነበረበት፤ ፊርማው እምቢ አለ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ። ራኪም የራሱን አልበም ያወጣው በ1997 ነው። የሰው ልጅ ችሎታው ጫፍ ላይ ባለበት ሰዓት አምስት ዓመት! ያቺን የመጀመሪያዋን ነጠላ ዜማ ማን አቀናበራት የሚለው ራሱ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ማርሊ ማርል «እኔ ነኝ» ይላል፣ ኤሪክ ቢ «ሸክላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ አንተ ለቀዳህበት ተከፍሎሃል» ይላል። ራኪም ደሞ ብዙዎቹን የአልበሙን ቢቶች ያቀናበርኩት እኔ ነኝ ባይ ነው። «ተከፍሏል» የሚል ርዕስ የያዘ አልበም ከሠላሳ ዓመት በላይ ሂሳቡ አልተዘጋም።

ይሄን ሁሉ ለምን ጻፍኩ? ነገሩ እኛም ደጅ ስለደረሰ ነው። በ2010 ናስና ዳሚያን ማርሊ አብረው ባወጡት አልበም የመጀመሪያው ዘፈን ላይ የሚሰማው የእኛው የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነው። ናስ ደሞ ማርሊ ማርል ቤት ውስጥ ይቀዳበት የነበረው የኩዊንስብሪጅ ልጅ ነው። ከእናንተም መሃል ቢት የምትሠሩ አላችሁ፤ የድሮ የአማርኛ ዘፈን ቆርጣችሁ ትልኩልኛላችሁ፣ ደስ ብሎኝ እሰማለሁ። እኛም አገር የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ አለ፤ ቁጥር 410/1996 (ይቺ እንኳ በእኛ አቆጣጠር ናት)። ደራሲው ብቻ ሳይሆን የተጫወተውም መብት እንዳለው ይናገራል።

ሕጉ ይቆየንና፣ ቢያንስ አንድ ደብተር ያዙ። ይሄን ክራር ማን መታው? ይሄን ሳክስፎን ማን ነፋው? ግጥሙ የማነው? ጻፉት፤ ስትለጥፉትም ስሙን ጥሩ። ዛሬ ገንዘብ የሌለው ሰው ቢያንስ በስም ይከፍላል። የስታብልፊልድ ስም ገና በመጀመሪያው ሸክላ ላይ በትክክል ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

የራኪምን ድርሻ ግን ማንም ሊቆርጠው አልቻለም። ባሱ የሌላ፣ ድራሙ የሌላ፣ ጃኬቱ እንኳ የሌላ ምልክት ነበር። ከራሱ ያመጣው አንድ እስክሪብቶና አንድ የማይጮህ ድምፅ ነው። እስከ ዛሬ የሚጠቀሰውም እሱ ነው።

አልበሙን ስሙትና ከየትኛው ዘፈን እንደጀመራችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። እኔ ብሆን ከ«አይ ኖው ዩ ጎት ሶል» እጀምራለሁ፤ ከዚያ የቦቢ በርድን ፈልጋችሁ አስከትሉበት።

ሰላም ሁኑልኝ።