«ያልታወቀው ረሀብ»፣ ለማን ነው ያልታወቀው?

ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ማታ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አንድ ዘገባ ተላለፈ። ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ፣ ቦታው ወሎ፣ ርዕሱ «ያልታወቀው ረሀብ»። እኔ ይሄን ርዕስ ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ያልታወቀው ለማን ነው?

ለወሎ ገበሬ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ለአውራጃ ሹማምንቱም አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ተርበው በእግራቸው ወደ አዲስ አበባ የመጡ ከአንድ ሺህ በላይ ገበሬዎች ነበሩ፤ ከተማዋ ሳይገቡ ፖሊስ መለሳቸው። ያ ፖሊስ ያውቃል። በዚያው ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶ አንስተው ግቢ ውስጥ አሳይተዋል። ተማሪውም አውቋል ማለት ነው። የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሠራተኞችም ቢሆኑ መንግሥትን ላለማስቀየም ዝም አሉ እንጂ ሳያውቁ አልቀሩም።

ይሄ ሁሉ ሰው የሚያውቀው ነገር ግን ዜና አልነበረም። ግንቦት 1965 ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት 10ኛ ዓመቱን አዲስ አበባ ላይ እያከበረ ነበር። የአገሩ ጋዜጣና ሬዲዮ በመንግሥት እጅ ናቸው፤ የመሪዎች አቀባበል ደግሞ ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ ፎቶ አለው። ረሀብ ቀን የለውም። ትናንትም ነበር፣ ዛሬም አለ፣ ነገም ይኖራል። በፍሪላንስ የምንሠራ ሰዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን። ታሪኩን ይዘህ አርታኢ ጋ ስትሄድ መጀመሪያ የምትጠየቀው «ምን አዲስ ነገር አለው?» ነው። ስንት ሰው ተጎዳ የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው፤ አንዳንዴ እሱም አይጠየቅም።

ዲምብልቢ ለረሀቡ ያልነበረውን ቀን ሰጠው። ብዙዎቻችን «የ66ቱ ድርቅ» የምንለው ለዚህ ይመስለኛል። ሞቱ የከፋው ግን በ65 ነው። ካሜራው ሲደርስ አብዛኛው ሰው አልቋል፤ ግምቱ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል። ስሙን ያወጣንለት በተሰማበት ዓመት እንጂ በሞቱበት ዓመት አይደለም።

ከዚያ የመጣው ደግሞ የባሰ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967፣ የእንቁጣጣሽ ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። እንግሊዝ አገር ሲታይ ገንዘብ ያስዋጣው ምስል፣ አዲስ አበባ ላይ ኬክና ሻምፓኝ አጠገቡ ሲቀመጥ የክስ ማስረጃ ሆነ። ለሟቹ የተለወጠ ነገር የለም። ዜናው ግን ተለውጧል፤ ተጠያቂ ተገኝቶለታላ!

የምስልን ጉልበት ከደርግ በላይ የሚያውቅ አልነበረም ማለት ይቻላል። አስር ዓመት ቆይቶ ያደረገውን ተመልከቱ። በ1976 የራሱ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ሰው ሊያልቅ ነው ብሎ ለጋሾችን ተማጽኗል። መስከረም 1977 ላይ ግን የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የኢሠፓ ምስረታ አለ። ደግሞ አስረኛ ዓመት! በዓሉ እስኪያልፍ የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተከለከሉ። ጥቅምት 13 የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ዘገባ ተላለፈ። በዓለም ዙሪያ ከ400 በላይ ጣቢያዎች እንዳሳዩት ይነገራል። «ሰባ ሰባት» የሚለውም ስም ተተከለ።

ዜና የሚሆነው በሟቹ ብዛት ቢሆን ኖሮ የ1950 እና የ51 ዓ.ም. የትግራይ ረሀብ ከወሎው እኩል ይነሳ ነበር። 100 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀበት ይገመታል። ዲምብልቢ አልነበረውም፣ መሐመድ አሚን አልነበረውም፣ ግብዣውን አጠገቡ ያስቀመጠለትም የለም። የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን የረሀብ ጥናት ያላነበበ ሰው ስለሱ ሰምቶ የሚያውቅ ስንቱ ነው?

ከዚያ አካባቢ አያት ያላችሁ ግን እስቲ ጠይቁና ጻፉልኝ። ያን ዓመት እነሱ ምን ብለው ነው የሚጠሩት?