ሰው ይውረድ ወይስ እርዳታው ይውጣ? የ1998ቱ የካሽሚር የመሬት መንቀጥቀጥና የተራራው ሕክምና

መስከረም 28 ቀን 1998 ዓ.ም. (ኦክቶበር 8 ቀን 2005) ቅዳሜ ጠዋት፣ በፓኪስታን ሰዓት አቆጣጠር ለ3 ሰዓት 10 ደቂቃ ሲቀረው፣ በመጠኑ 7.6 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ከሙዘፈራባድ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ ያሉትን ተራሮች መታ። ወሩ ረመዳን ነበር። ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ከወንዶች ብዙዎቹ ለእርሻና ለሥራ ወጥተዋል፤ ሴቶች ግን አብዛኞቹ ከጣሪያ በታች ነበሩ። የአደጋው ሰዓት የተጎጂዎቹን ማንነት አስቀድሞ ወሰነ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በፓኪስታን በኩል ብቻ ከ73,000 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ከ17,000 የማያንሱት ክፍላቸው የተደረመሰባቸው ተማሪዎች ነበሩ። በሕንድ በሚተዳደረው ካሽሚር ከ1,300 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። 3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ።

የዚያ አገር ገበሬ እንደ ብዙ ደገኛ ሁሉ ቤቱን የሚሠራው ከድንጋይና ከጭቃ ነው፤ ከላይ ውርጭ እንዲከላከልለት አፈር የተደለደለበት ከባድ ጣሪያ ይጭንበታል። ቤቶቹም በአንድ ቦታ የተሰበሰቡ ሳይሆኑ በገደሉ ወገብ ላይ ተበታትነው ይገኛሉ። የኒለምንና የጄለምን ሸለቆዎች ተከትለው የሚወጡት መንገዶች በናዳ ተዘጉ። በሐቲያን ባላ አካባቢ አንድ ሙሉ የተራራ ገጽ ተንሸራቶ መንደሮችን ከወደ አንድ ሺህ ሰው ጋር ቀበረ፤ የወንዙንም መንገድ ዘግቶ ሐይቅ ፈጠረ። በሙዘፈራባድ የነበረው ወታደራዊ ሆስፒታል ፈረሰ፤ በአደጋው ክልል ከነበሩት የጤና ተቋማት ከግማሽ በላይ የሆኑት ወደሙ ወይም ተጎዱ። ሐኪሙና ነርሷም እንደ ሌላው ሰው ልጅ የቀበሩ፣ ቤት የፈረሰባቸው ነበሩ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሕክምናው ታሪክ የመንገድ ታሪክ ነው። የተራራው ነዋሪ ቁስለኞቹን በገመድ አልጋ ተሸክሞ፣ አንዳንዴ ከአንድ ቀን በላይ እየተጓዘ ወደ ሸለቆው አወረደ። በአቦታባድ፣ በማንሴራ፣ በራዋልፒንዲና በኢስላማባድ ሆስፒታሎች የተቀበሏቸው ሐኪሞች ያገኙት በአብዛኛው የተሰበረ አጥንትና የመረቀዘ ቁስል ነበር። በጊዜው ቢጸዳ ኖሮ ሊድን የሚችል እግር ብዙ ጊዜ ተቆርጧል። በሌሎች ታላላቅ የመሬት መንቀጥቀጦች ከታየው አንጻር ሰውነታቸው ተጨፍልቆ ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመባቸው ሕሙማን የተጠበቀውን ያህል አልነበሩም። ይህ መልካም ዜና አልነበረም። የጭቃ ቤት ሲደረመስ አየር የሚተላለፍበት ክፍተት አይተውም፤ ከፍርስራሹ የወጡትም ቢሆኑ የኩላሊት እጥበት ወደሚገኝበት ሳይደርሱ የሚሞቱበት ዕድል ሰፊ ነበር። የሆስፒታል መዝገብ የሚያሳየው የደረሰውን ሕመምተኛ ብቻ ነውና አኃዙን የሚያነብ ባለሙያ ይህን ልብ ሊል ይገባል።

ቀጥሎም መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) መጣ። በተራራው ክትባት ያገኘው አዋቂ ጥቂት በመሆኑ ከመቶ በላይ ሰዎች በበሽታው ተያዙ፤ ከእነርሱም ከሩብ በላይ የሚሆኑት ሞቱ። ከናዳ የተረፈ ሰው አንድ መርፌ ባለመወጋቱ ከሳምንት በኋላ መሞቱ የዚያን ጊዜ ሠራተኞች ልብ ከሰበሩት ነገሮች አንዱ ነበር።

በአደጋው ማግሥት የፓኪስታን ጦር የነበሩት ሄሊኮፕተሮች ለእንዲህ ያለ ሥራ አይበቁም ነበር። በቀናት ውስጥ ከአፍጋኒስታን የተነሡት ትላልቆቹ የአሜሪካ ቺኑኮች፣ ከዚያም የሌሎች አገሮችና የተባበሩት መንግሥታት ሄሊኮፕተሮች ተጨመሩ። ሄሊኮፕተር ግን ደመና ሲወርድ ይቆማል፤ በጠባብ እርከን ላይም አያርፍም። ከማረፊያው በላይ ላሉት መንደሮች ጭነቱ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወጣ። ሕንድና ፓኪስታን ካሽሚርን በሚከፍለው የቁጥጥር መስመር ላይ በጥቅምት 1998 ዓ.ም. አምስት መተላለፊያዎችን ለመክፈት ቢስማሙም፣ የፈቃድ አሰጣጡ ዘገምተኛ ስለነበረ የተሻገረው ሰው ከተጠበቀው በታች ነበር።

ከውጭ ከመጡት የሕክምና ቡድኖች ብዙ ሠራተኛ ያሰለፈችው ኩባ ናት። ከ2,000 በላይ ባለሙያዎቿ ከ30 በላይ የመስክ ሆስፒታሎችን አቁመው እስከ ግንቦት 1998 ዓ.ም. ቆይተዋል። አብዛኞቹ የውጭ ቡድኖች በሳምንታት ውስጥ ሲመለሱ እነርሱ ብርዱን ከሕዝቡ ጋር አሳለፉ፤ በመካከላቸውም ብዙ ሴት ሐኪሞች መኖራቸው በወንድ ሐኪም መታየትን ለማይፈቅዱ የገጠር ሴቶች ትልቅ ነገር ነበር። የአሜሪካ ጦር ከኮሪያ ጦርነት ጀምሮ የታወቀው ተንቀሳቃሽ የቀዶ ሕክምና ሆስፒታሉ የመጨረሻ ግዳጁን የፈጸመው በሙዘፈራባድ ሲሆን፣ በየካቲት 1998 ዓ.ም. ከነመሣሪያው ለፓኪስታን ተሰጥቶ ቀረ።

ይሁንና በእነዚያ ወራት እጅግ ከባዱ ክርክር የተካሄደው በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ አልነበረም። በረዶው ሊጥል ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ከ5,000 ጫማ (1,500 ሜትር ያህል) ከፍታ በላይ ከ300,000 የሚበልጥ ሕዝብ ነበር። ሰው ወደ እርዳታው ይውረድ ወይስ እርዳታው ወደ ሰው ይውጣ? ለአስተዳደርም ሆነ ለክትባት የሚቀለው ማውረዱ ነው። የተራራው ሰው ግን ከብቱን የሚጥልበት፣ ናዳ ድንበሩን ያጠፋበትን መሬቱን ያለ ጠባቂ የሚተውበት፣ ትኩስ መቃብር ጥሎ የሚሄድበት ልብ አልነበረውም። ከወረዱት መካከል በሙዘፈራባድ ያለ ዕቅድ በበቀለ፣ ውኃና መጸዳጃው ባልተሟላ አንድ መጠለያ የነበሩ 1,800 ያህል ሰዎች ነበሩ። በዚያ መጠለያ ከ700 በላይ ሰዎች በአጣዳፊ ተቅማጥ ታመሙ። የወፍ በሽታም በዚያው ከተማ ዙሪያ ተከሠተ። ይህ ማውረድ ያለ ንጹሕ ውኃ ምን ማለት እንደሆነ ለሁሉም አሳየ።

ድንኳንም ብቻውን መፍትሔ አልሆነም፤ ከተሰጡት ብዙዎቹ ለበረዶ የተሠሩ አልነበሩም። ስለዚህ ሐሳቡ ተለወጠ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ሙሉ ቤት ሳይሆን አንድ ሙቀት የሚይዝ ክፍል እንዲቆም ተወሰነ። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ መዶሻ፣ ብርድ ልብስና ምድጃ ወደ ላይ ተላከ፤ እንጨቱንና ድንጋዩን ከፈረሰው ቤት ለቅሞ የሚሠራው ባለቤቱ ራሱ ሆነ። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ከጦሩና ከእርዳታ ድርጅቶች ጋር ሆኖ ያካሄደው ዘመቻ ከብርዱ ጋር የሚደረግ ሩጫ ተብሎ ተሰየመ። በሄሊኮፕተር ሆድ ሥር ተንጠልጥሎ የሚወጣው የቆርቆሮ ጥቅል በእርግጥ የመድኃኒት ሳጥን አይመስልም፤ ነገር ግን ሕፃን ከሳንባ ምች የሚድነው በመጀመሪያ በጣሪያ ነው። ክትባቱም በዚያው መንገድ ወጣ፤ በዚህ ሥራ በየመንደሩ ቤት ለቤት ይሠሩ የነበሩት የፓኪስታን ሴት የጤና ሠራተኞች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ብዙዎቹም የራሳቸው ቤት የፈረሰባቸው ነበሩ።

በብርድና በወረርሽኝ ይመጣል ተብሎ የተፈራው ሁለተኛው የሞት ማዕበል አልመጣም። የዚያ ዓመት ብርድ ከወትሮው ለስለስ ያለ ነበር፤ ለቆርቆሮው የሚሰጠውን ምስጋና ሲመዝኑ ይህን መዘንጋት ፍትሐዊ አይሆንም። ያም ሆኖ ውሳኔው ትክክል ነበር። ከመጋቢት ጀምሮ መጠለያዎቹ ሲዘጉ የተራራው ሰው የሚመለስበት ጣሪያና ያልተሸጠ ላም ነበረው።

ይህ ግን ለሁሉም አልሆነም። በዚያች ጠዋት ጣሪያ ተጭኗቸው ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። አገሪቱ ለእንዲህ ያለ ጉዳት የተዘጋጁ ክፍሎች እምብዛም አልነበሯትም፤ ስለዚህ በኢስላማባድና በራዋልፒንዲ በጥድፊያ ክፍሎች ተከፈቱ፤ የአልጋ ቁስልን መከላከልና የሽንት ቱቦ አያያዝን ነርሶችና የቤተሰብ አባላት ሥራ ላይ ሆነው ተማሩ። አብዛኞቹ ሕሙማን በሕይወት ተረፉ፤ ተሽከርካሪ ወንበርም ተሰጣቸው። መንደራቸው ግን እርዳታው በበቅሎ የወጣበት ያው የገደል ወገብ ነው። ወንበሩ በዚያ ጠባብ መንገድ አይሄድም፤ እርዳታው እስከ እነርሱ ሊወጣ ቢችልም እነርሱ ከቤታቸው ደጃፍ አልፈው መውጣት አልቻሉም።