ከማራካሽ እስከ ሰሃራ ደጃፍ፦ የአትላስን ውኃ የተከተለ መንገድ

ሞሮኮ ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከሜዲትራኒያን ባሕር ጋር የምትዋሰን የሰሜን አፍሪካ ሀገር ናት። ከተማን፣ ተራራንና በረሃን በአንድ ጉዞ ማየት የሚሻ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ ከማራካሽ ይነሳል፤ የአትላስ ተራሮችን ተሻግሮ፣ የድራን ሸለቆ ተከትሎ ከሰሃራ ደጃፍ ይደርሳል። ሦስቱን የሚያስተሳስራቸው ከተራራው የሚወርደው ውኃ ነው።

ማራካሽ በ11ኛው ክፍለ ዘመን በአልሞራቪዶች ተቆረቆረች። ግንቦቿ ከቀይ አፈር የተሠሩ በመሆናቸው “ቀይዋ ከተማ” ትባላለች። 77 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የኩቱቢያ መስጊድ ሚናራ ከሩቅ ይታያል፤ በጀማ ኤል ፍና አደባባይም ተረት ነጋሪዎችና ምግብ ሻጮች እስከ ሌሊት ይሰነብታሉ። በዙሪያዋ ያለው ደረቅ ሜዳ ለዘመናት የለማው ኸታራ በሚባሉ የከርሰ ምድር ቦዮች ነው። ቦዮቹ የተራራውን ግርጌ ውኃ ያለ ሞተር፣ በመሬቱ ተዳፋት ብቻ እየመሩ ወደ ማሳና ወደ ከተማ ያደርሱ ነበር።

ከማራካሽ ወደ ዋርዛዛት የሚወስደው መንገድ 2 ሺህ 260 ሜትር ከፍታ ባለው የቲዚ ንቲሽካ መተላለፊያ ያልፋል። የአማዚግ አርሶ አደሮች በእርከን ላይ ገብስ ይዘራሉ፤ ፍራፍሬም ያለማሉ። ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ዓ.ም ምሽት የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በእነዚህ ተራሮች ብዙ መንደሮችን አፍርሶ ወደ 3 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሕይወት ቀጥፏል።

ከመተላለፊያው ወዲያ ምድሩ ይደርቃል፤ ተራራው ከሰሜን የሚመጣውን ዝናብ ያስቀረዋልና። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የአይት ቤንሃዱ የጭቃ ግንብ መንደር ይገኛል። ከዋርዛዛት በኋላ መንገዱ የድራን ወንዝ ይዞ ወደ ዛጎራ ይወርዳል።

በድራ ሸለቆ እርሻው ሦስት ደርብ አለው። ከላይ ተምር ጥላ ይሰጣል፤ ከሥሩ ሮማን፣ በለስና ወይራ ይበቅላሉ፤ ከመሬቱ ላይ እህል፣ አትክልትና የከብት መኖ ይለማል። የቦዩ ውኃ በተራ ይከፋፈላል። የውኃ አባት ባለበት የመስኖ መንደር ለኖረ ሰው ይህ ሥርዓት እንግዳ አይሆንም።

ዛሬ ይህ ሥርዓት አደጋ ላይ ወድቋል። ድርቁ ሲደጋገም በዋርዛዛት አቅራቢያ ካለው ግድብ የሚለቀቀው ውኃ ቀነሰ። ጥልቅ ጉድጓድ የቆፈሩ ባለሞተሮች ለገበያ ሐብሐብ ማምረታቸውም የከርሰ ምድሩን ውኃ ዝቅ አደረገው። በ2017 እ.ኤ.አ. የዛጎራ ነዋሪዎች የመጠጥ ውኃ ጠይቀው አደባባይ ወጡ፤ በኋላም በአካባቢው የሐብሐብ ማሳ ስፋት ተገደበ። በተራ የሚጠጣ ማሳ የጎረቤቱን ድርሻ ያውቃል፤ ሞተር ግን ተራ አይጠብቅም።

ለጉዞው ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ፣ እንዲሁም ጥቅምት ይመረጣሉ። በክረምታቸው፣ በታኅሣሥና በጥር፣ በረዶ መተላለፊያውን ሊዘጋ ይችላል። አርሶ አደሩ ግን ያንን በረዶ ይናፍቃል፤ በፀደይ ቀልጦ ወደ ማሳው የሚወርደው እርሱ ነውና።