ወንዝ ያላመጣው ድንጋይ

ከቤቴ ወረድ ብሎ፣ ትንሹ አቃቂ ነፋስ ስልክን አቋርጦ በሚያልፍበት ዳርቻ፣ ከወገብ በላይ የሚደርስ ጥቁር ድንጋይ አለ። መኪና የሚያጥቡ ልጆች ጃኬታቸውን ያኖሩበታል፤ ሲደክማቸውም ይቀመጡበታል። ባለፈው ክረምት ከመካከላቸው አንዱ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ መምህር ነበሩ አሉ። ይሄን ድንጋይ ማን ነው እዚህ ያመጣው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ወንዙ ነዋ! ሌላ ማን ያመጣዋል?» አልኩት።

«ይሄ ወንዝ?» አለ ውኃውን እያየ። ትንሹን አቃቂ በበጋ ያየ ሰው በጥርጣሬው አይፈርድበትም።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው የገዛ መልሴ የቆረቆረኝ። ይችኑ ዓረፍተ ነገር ከብዙ ዓመት በፊት በቀይ እስክሪብቶ ጽፌያት አውቃለሁና። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን፣ «የተወለድኩበት ቦታ» በሚል ርእስ ድርሰት አስጽፌ ነበር። ከባሌ ጎባ የመጣ አንድ ዝምተኛ ልጅ ከከተማው በላይ ስላለው የቶጎና ሸለቆ ጻፈ። እዚያ ያሉት ድንጋዮች ወንዙ ሊያንከባልላቸው ከሚችለው በላይ ግዙፎች መሆናቸውን፣ ደግሞም ከወንዙ ወለል ላይ ሳይሆን ከፍ ብለው በክምር ክምር ላይ መቀመጣቸውን ተረከና፣ «ወንዝ አላመጣቸውም» ብሎ ደመደመ። እኔ ደግሞ ከዳር ላይ፣ «ታዲያ ሌላ ማን ያመጣዋል? አሳማኝ አይደለም» ብዬ ነጥብ ቀነስኩበት። ልጁ አልተከራከረም። ያኔ ማን ከመምህር ጋር ይከራከራል?

ልጁ ልክ ነበር። ድንጋዮቹን ያመጣቸው ወንዝ አይደለም፤ የበረዶ ግግር ነው።

መቼም «በረዶ» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን በክረምት የቆርቆሮ ጣሪያችንን የሚደበድበው ነው። ደገኛው ግን አመዳይና ውርጭ ብሎ ይለያል፤ ግእዙም ሐመዳና አስሐትያ የሚሉ ቃላት አሉት። የማወራው ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ነው። ዓመት ዓመቱን ሳይቀልጥ እየተደራረበ፣ በገዛ ክብደቱ ተጨምቆ ጠጣር የሆነና ቁልቁል ቀስ ብሎ የሚሳብ በረዶ ነው። ውኃ ድንጋይን ይመርጣል፤ ትልቁን ትቶ ትንሹን ይወስዳል፣ የወሰደውንም እያፋተገ ያሞለሙለዋል። በረዶ ግን አይመርጥም። ቤት የሚያክለውን ቋጥኝ፣ ጠጠሩንና ዱቄት የመሰለውን አፈር አንድ ላይ ተሸክሞ ይወርድና የቀለጠበት ቦታ ላይ ሁሉንም እንደተደባለቀ ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ በሸለቆ አፍ ላይ እንደ ግድብ ተጋድሞ፣ ትልቁም ትንሹም ሳይለይ የተቀየጠበት የድንጋይ ክምር ሲገኝ፣ የበረዶው ጫፍ የደረሰበት ወሰን ያ ነው። ተማሪዬ ያየው ይህንኑ ነበር።

በአገራችን ተራሮች ላይ እንዲህ ያለ አሻራ መኖሩ አዲስ ወሬ አይደለም። ስዊድናዊው ኤሪክ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ስለ ሰሜን ተራሮች ጽፏል። የባሌውን ደግሞ ሄንሪ ኦስማስተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 በዝርዝር አሳትመውታል። ሳይመለስ የቆየው ጥያቄ «መቼ?» የሚለው ነበር። እሱን የመለሱት ራሳቸው ድንጋዮቹ ናቸው። ከህዋ ሳያቋርጥ የሚወርድ ጨረር አለ፤ ድንጋይን ሲመታ ክሎሪን-36 የሚባል ብርቅ የአቶም ዓይነት በውስጡ ይፈጥራል። ድንጋዩ በተራራው ሆድ ውስጥ ሳለ ጨረሩ አይደርስበትም። በረዶው ፈንቅሎ አምጥቶ ፀሐይ ላይ ካሰጣው ቀን ጀምሮ ግን ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። ከቋጥኙ አናት ላይ ትንሽ ቆርሶ በቤተ ሙከራ የተጠራቀመውን የለካ ሰው ዕድሜውን ያገኛል።

አሌክሳንደር ግሮስና ባልደረቦቹ በዚህ መንገድ የባሌን ቋጥኞች ለክተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2021 አወጡ። በረዶው ከሁሉ በላይ ተስፋፍቶ የነበረው ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ነው። ሙቀቱ ከዛሬው ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ጅብራው የሚበቅልበት የውርጭ ቀበቶም 700 ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ ነበር። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም የዓለም መጻሕፍት የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ጫፍ የሚሉት ከ26 ሺህ እስከ 19 ሺህ ዓመት በፊት ያለውን ነው። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ በበረዶ ሲታፈኑ የባሌው በረዶ ከፍተኛ ወሰኑን አልፎ ነበር ማለት ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች እርስ በርሳቸውም አንድ ዓይነት አልነበሩም። ብርዱ ብቻውን አይበቃም፤ የዝናቡ መጠንና የተራራው አቀማመጥም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። የሌላውን አገር ሰዓት አምጥተን እዚህ ብንሰቅለው አይሠራም።

በዚያ ብርድ ሰው ነበር ወይ? ነበር። እዚያው ባሌ፣ ፍንጫ ሀበራ በሚባል ከባሕር ወለል በላይ 3,469 ሜትር ላይ ባለ የድንጋይ ጥግ ውስጥ፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ ነበር። ግኝቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ዘመኑን አስተያዩት፤ በረዶው ከፍተኛ ወሰኑ ላይ በደረሰበት ጊዜ ሰዎቹ ከሥሩ ነበሩ። ባልጩታቸውን ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥተው ከአለቱ ይፈልጡ ነበር። ምግባቸው በአብዛኛው ግዙፉ ፍልፈል ነው፤ ዛሬም ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ የሚያድነው ያው ፍልፈል። ጠብሰው ይበሉት ነበር። «የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ» እያልኩ ባስተማርኩበት አፌ ይህን ሳወራ ትንሽ አፍራለሁ።

ጽሑፍ የያዘው ማስረጃ ግን እኔን ይመለከት ነበር። ከክርስትና በፊት የነበረ አንድ አክሱማዊ ንጉሥ አዱሊስ ላይ ባቆመው የድንጋይ ዙፋን ድሉን አስቀርጾ ነበር፤ ኮስማስ የሚባለው ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ካሌብ ጊዜ ገልብጦታል። ንጉሡ ካስገበራቸው መካከል የሰሜን ተራሮችን ሰዎች ይጠቅሳል፤ አገራቸውም ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ የሞላበት እንደሆነ ይናገራል። እርግጥ የወረደ በረዶና የበረዶ ግግር አንድ አይደሉም፤ የሰሜን ግግር ከአክሱም በፊት እጅግ ቀደም ብሎ ቀልጧል። ቢሆንም ይህን ጽሑፍ የማውቅ ሰው፣ በረዶ በኢትዮጵያ ድርሰት ውስጥ ሲመጣ ከፈረንጅ የተቀዳ ነው እያልኩ ስንቱን አርሜአለሁ!

ትግራይ ውስጥ ደግሞ ይህ ሁሉ የትናንት ወሬ ነው። እዳጋ አርቢ አካባቢ፣ በጭቃ አለት ውስጥ የተሰነቀሩ፣ በበረዶ ጉዞ የተቧጠጡ ድንጋዮች አሉ። ዶው፣ ቤይት እና ጸጋዬ ኃይሉ የተባሉ ጂኦሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ1971 ለዓለም አስታውቀዋል። እነዚያ ወደ 300 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጉ ናቸው፤ መሬታችን ከዛሬው ይልቅ ወደ ደቡብ ዋልታ ቀርቦ በነበረበት ጊዜ የተቀበሩ። ስለ እነርሱ ሌላ ቀን እናወራለን።

አሁን በአፍሪካ ግግር የቀረው በኬንያ፣ በኪሊማንጃሮና በሩዌንዞሪ አናት ላይ ብቻ ነው፤ እሱም እያለቀ ነው። የእኛው ከ18 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ጀምሮ እየሸሸ ሄዶ አለቀ። ወራሾቹ ቋጥኞቹ ናቸው። ከጎባ ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ ሳነቴን ሳቋርጥ በመኪናው መስኮት አይቻቸዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ድንጋይ ብቻ ነበሩ።

ያ ተማሪ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። የቀነስኩበት ነጥብ ግን ሦስት ነበር።

ወደ ወንዙ ወረድኩና የመኪና አጣቢውን ልጅ ፈልጌ ይህን ሁሉ አወራሁት። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ በጥሞና ሰማኝ። ሲጨርስ ድንጋዩን በእግሩ መታ መታ አደረገና፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ይሄንንም በረዶ ነው ያመጣው?» አለኝ።

«አይደለም። አዲስ አበባ የበረዶ ግግር የሚያድርበት ከፍታ የላትም። ይሄ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ጎርፍ ሳያመጣው አይቀርም» አልኩት። በዚህኛው እርግጠኛ ነበርኩ።

ጓደኛው ከባልዲው ቀና ሳይል፣ «ሲኖትራክ ነው የደፋው፤ እኔ እያየሁ» አለ።